አልዱባ ያሉት ፍየሎቼ

ጂንካ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ከነበሩት ልጆች እንደ እኔ ያለ ዕቃ የነበረው የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ያን ጊዜ የሚበቃኝን ያህል ተኩራርቼበታለሁ። ሌሎቹ ብይና የጨርቅ ኳስ ሲኖራቸው እኔ የሰጎን ላባ ነበረኝ፤ ደብተሬ ውስጥ አስገብቼ የምይዘው፣ ጫፉ እየወጣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሁሉ የሚያስነጥስ። ሁለት የብረት አምባር ነበረኝ። በርኮታም ነበረችኝ፤ የበና ወንዶች ቀን የሚቀመጡባት፣ ሲተኙ ደግሞ የሚንተራሷት ትንሽ የእንጨት መቀመጫ። ከሁሉም በላይ ግን ነጭ ፍየል ነበረችኝ፤ የምትኖረውም ከጂንካ ራቅ ብሎ በበናዎች አገር፣ አልዱባ ነበር።

ፍየልማ ማን ቤት ጠፍቶ። የእኔዋ ግን ሌላ አገር ነበረች። ዛሬ አንድ ሰው «ዱባይ ቤት አለኝ» ሲል የሚሰማውን ክብር፣ እኔ «ፍየሌ አልዱባ ናት» እያልኩ በሦስተኛ ክፍል ጨርሼዋለሁ።

የልብ ልብ የሰጠኝ ደግሞ መንገዱ ነው። ሸረፋ የሚባለው አባቴ ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ቢላዋ፣ ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ይወርዳል፤ ዕቃውን የሚጭነው የሾፌር ወልደ ጊዮርጊስ አሮጌ ፊያት ላይ ነው። ትምህርት ሲዘጋ፣ አንዳንዴም ሳይዘጋ፣ እኔን ጋቢና ውስጥ በሁለቱ መካከል ይጎልተኛል። የሞተሩ ሙቀት እግሬን እየጠበሰኝ፣ የናፍጣው ሽታ እያጥወለወለኝ፣ በዓለም ላይ ከእኔ የበለጠ ዕድለኛ ያለ አይመስለኝም ነበር። ጓደኞቼ ቢበዛ ቅርባችን ያለችው ገዘር ደርሰው ተመልሰዋል። ከትምህርት ቤት ስንወጣ አውሮፕላን ሜዳው ዳር ተቀምጠን፣ ዘበኛው አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብቶቹን ከሣሩ ላይ ሲያባርር እያየን፣ እኔ ያየሁትን አወራላቸዋለሁ። ያላየሁትንም እጨምርበታለሁ።

ከሰሚዎቼ ሁሉ የማታምነኝ እታለም ብቻ ነበረች። እታለም አንድ ወንበር የምንጋራ፣ ቤተሰቦቿ ከገዘር የመጡ የአሪ ልጅ ናት። ወሬ አያመልጣትም፤ በተለይ የትልቅ ሰው ወሬ። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ልጁን ለማን እንደዳረ ከእናቷ ቀድማ ታውቃለች። ያቺ ልጅ አንድ ቀን የተናገረችኝ ነገር ወራት ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ አልዱባ አጠገብ የሚኖር ጅሩ የሚባል የበና ወዳጅ ነበረው። ወዳጅነታቸው የተጀመረው እኔ ሳልወለድ፣ መኪናው ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ውጦት ባደረ ጊዜ ነው ይባላል፤ ጅሩ ሰዎቹን ሰብስቦ ቆፍሮ አወጣው፣ አባቴም ዋጋ ልክፈል ቢል ተቆጣው። ከዚያ ወዲህ አባቴ አልዱባ በወረደ ቁጥር ከገበያ በኋላ ጅሩ ቤት ሳይደርስ አይመለስም። ጅሩ አማርኛ የተማረው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚለው። እኔንም «አንተ ሰኢዳ» ይለኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው ነበር።

በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ፣ ጅሩ ቤት ሄድን። የጅሩ ሚስት ጎይቲ እኔን ስታይ ሳቀችና በጉልበቶቿ መካከል አስቀመጠችኝ። ቀይ አፈርና ቅቤ በመዳፏ ላይ ለወሰች። ከዚያ ጸጉሬን ቁንጥር ቁንጥር እያደረገች፣ እየቀባች፣ እንደ ራሷ ጸጉር በቀጫጭኑ ትጠቀልለው ጀመር። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ አንገቴ ላይ ሲወርድ ይታወቀኛል። እጇ ለስላሳ ነበር፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ደረሰ።

ሠርታ ስትጨርስ ጅሩ በቅል ከያዘው፣ ከቡና ገለፈት ከተፈላው መጠጥ ጎንጨት አደረገና እፍ ብሎ በእኔና በአባቴ ላይ ረጨው። ተፋብን ብዬ ደነገጥኩ። አባቴ ግን ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ምርቃት መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ቀጥሎ ጅሩ አንዲት ነጭ ፍየል ከበረቱ በጆሮዋ ይዞ አመጣና ገመዷን እጄ ላይ አደረገው።

«ፍየል ያንተ ነው» አለኝ። «ከዛሬ አንተ ልጄ ነህ።»

ፍየሏን ይዤ ልሄድ ስል አባቴ፣ እዚሁ ትቆያለች፣ እዚህ ትበላለች፣ እዚህ ትወልዳለች አለኝ። ትንሽ ቅር አለኝ። ራቅ ብሎ አንድ የእኔ እኩያ የሆነ ወንድ ልጅ ዱላ ተደግፎ ያየናል። ኦይታ ይባላል፤ የጅሩ ልጅ ነው።

ቤት ስንደርስ እናቴ መኪያ ጸጉሬን አይታ ጭኗን መታች። በሳሙና አጥባ አጥባ ሲያቅታት አባቴን ስትወርድበት አመሸች። እኔ ግን በማግስቱ ሠፈር ውስጥ የሰማይ ስባሪ አክዬ ወጣሁ። ልጆቹ ተራ ይዘው ጸጉሬን አሸተቱ። ከመካከላቸው እንዲነኩ የፈቀድኩላቸውም አሉ።

እታለም አላሸተተችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደ ትልቅ ሰው ትጠይቀኝ ጀመር። ጸጉሬን የሠራችኝ የሰውዬው ሚስት ናት ወይ? አዎ። ፍየል ተሰጥቶናል? አዎ። «ልጄ ነሽ» ብሎኛል? ብሎኛል። ወንድ ልጅ አለው?

አለው አልኩ።

«እንግዲያው ተድረሻል» አለችኝ።

ሳቅሁባት። እሷ ግን አልሳቀችም። የገዘሯ እህቷ እንዴት እንደተዳረች አንድ በአንድ ነገረችኝ። መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ፍየል ብቻ ናት። ከዚያ ሌላ ተጨመረ፣ ከዚያ ላም መጣ። ሽማግሌዎች እየተመላለሱ ከአባቷ ጋር ያወራሉ፤ እናቷ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፤ ልብስ ይሰፋል። አንድ ቀን እህቷ ሄደች፣ በቃ። «ፍየል የሚሰጠው እኮ የወንዱ አባት ነው» አለች፤ «እናንተ ሰጣችሁ ወይስ ተቀበላችሁ?»

የተቀበልነው እኛ ነን።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከፍቼ ቤታችንን ማየት ጀመርኩ፤ ያየሁትም ሁሉ እታለም እንዳለችው ሆነ። አባቴ ከአልዱባ በተመለሰ ቁጥር «ፍየሎችሽ ተጨመሩ» እያለ ያበስረኛል። እኔ ፈገግ ለማለት እሞክራለሁ። ሱቃችን ደግሞ እየሳሳ መጣ። የጨርቁ መደርደሪያ ባዶውን ቀረ፣ የጨው ጆንያው ቀነሰ። በፊያቱ ተጭኖ ይሄዳል፤ በምትኩ ብዙ ገንዘብ ሲመጣ አላይም። ለአማቾቼ ስጦታ እየወሰደ ነው አልኩ በልቤ። ዛሬ ሳስበው ሱቁን ቀስ በቀስ ወደ ፍየል እየለወጠው ነበር። በዚያ ዓመት ነገር እንደሚገለባበጥ የገባው ነጋዴ ሁሉ ያለውን አንድ ቦታ ላለማስቀመጥ ይሯሯጥ ነበር። ጅሩም ከድሮ ጀምሮ የሚኖረው እንደዚሁ ነው፤ በናዎች ከብታቸውን ሁሉ አንድ በረት አያጉሩም፣ በየወዳጁ መንጋ ያሰማራሉ። አባቴ የጂንካ ሱቁን ለማዳን የበና ብልሃት ተበደረ ማለት ነው። ለእኔ ግን ይህን የነገረኝ የለም።

ሬዲዮው ሌላው ነገር ነበር። ማታ ማታ አባቴ ድምፁን ቀንሶ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል፤ እኔ ስጠጋ ያጠፋዋል። ከእኔ የሚደበቅ ነገር ከሠርጌ ሌላ ምን ይኖራል? እናቴ በዚያ ላይ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ ገፍቷል። አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ አየኋትና ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እኔን ሰጥተው ሌላ ሊወልዱ ነው። ከዚያ በኋላ ያን ሆድ አልወደድኩትም።

ሚያዝያ ላይ እናቴ ሁለት ቀሚስ ሰፋችልኝ፤ በዓል አልነበረም። በመጋረጃው ማዶ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ስሰማ «ብቻዋን እንዴት ትቆያለች?» ትላለች። ከዚያ ታለቅሳለች። አባቴ ከጅሩ ቤት የተሻለ ቦታ እንደሌለ፣ ጅሩም ቃል እንደገባለት ይነግራታል። የቀረውን አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈለግኩም።

ግንቦት ገብቶ ትንሽ እንደቆየ፣ አባቴ አንድ ጠዋት ቀሚሶቼን በካርቶን አድርጎ «ለጥቂት ቀን ጅሩን ትጠይቂዋለሽ» አለኝ። ለመሰናበት እታለም ቤት ሮጥኩ። ስታየኝ ሳልነግራት ገባት። አቅፋኝ ከልቧ አለቀሰች። ዓይኗን ጠርጋ ስታበቃ ደግሞ የሰጎን ላባዬን ለመነችኝ፤ «አንቺ እዚያ ብዙ ታገኛለሽ» አለች። እውነቷን ስለመሰለኝ ሰጠኋት።

መንገዱ እንደወትሮው አልነበረም። ወልደ ጊዮርጊስ አይዘፍንም፣ አይቀልድም። ከፊት ለፊት አቧራ ባየ ቁጥር መኪናውን ያቆምና ከአባቴ ጋር ይተያያሉ። መለዮ ያልለበሱ፣ ግን ወታደር የሆኑ ሰዎች በመንገዱ ዳር በእግራቸው ወደ ታች ሲወርዱ አየሁ፤ አንዱ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ቀይ አፈር ላይ የገበያ ቀን ሆኖ ገበያ አልነበረም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ያየሁት በመስኮት እንደሚያልፍ ነገር ነው፤ ሐሳቤ ያለው ኦይታ ላይ ነው። የምትዳር ልጅ መንግሥት ቢወድቅ ምን ይገዳታል?

ጅሩ ቤት አባቴ ፊቴ ተንበርክኮ ሁለት ጉንጮቼን ያዘ። «እመጣለሁ» አለኝ። የእታለምን እህትም አባቷ እንዲሁ ብሏት ነበር። መኪናው ግራር ጫካው ውስጥ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት፤ አላለቀስኩም። ማልቀስ የጀመርኩት ጎይቲ እጄን ስትይዘኝ ነው።

እዚያ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ለእኔ አንድ ክረምት ያህል ነበር። በማሽላ ገንፎ፣ በወተትና በማር ኖርኩ። ማሩ ከነሰፈፉ ይመጣል፤ ጎይቲ መጀመሪያ ለእኔ ታቀርባለች፣ ቀጥሎ ለልጆቿ። አንድም ፍየል ሲታረድ አላየሁም። ለሠርጉ እያስቀመጡት ነው ብዬ አሰብኩ። ለካ ጅሩ፣ እኛ ሙስሊም የሚያርደውን ብቻ እንደምንበላ ስለሚያውቅ፣ ልጅቷ እያየች የማትበላው ሥጋ ቤቴ አይቀቀልም ብሎ ለቤተሰቡ ሁሉ ከልክሎ ነው። አባቴ ሲመጣ ሁልጊዜ ቢላዋውን ለእሱ የሚያቀብለውም ለዚያ ነበር። ያን ሰሞን የጅሩ ልጆች በእኔ ምክንያት ሥጋ አልቀመሱም።

ኦይታ ወደ እኔ አይቀርብም። እኔ በረቱ አጠገብ ስሆን እሱ ኩይሳው ላይ ይቆማል፤ ውሃ ልቀዳ ከሴቶቹ ጋር ስወርድ እሱ ከማዶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ በቁጥቋጦው መካከል ይከተለናል። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱን ያዞራል። የሙሽራ ዓይን አፋርነት ነው ብዬ ጠላሁት። አሁን ኦይታ የልጆች አባት ሆኗል፤ ስልክ ሲደውልልኝ ኔትወርኩ እስኪመጣ ኮረብታ ላይ ይወጣል። ባለፈው ዓመት ያን ጊዜ ለምን ትሸሸኝ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «መቼ ሸሸሁ?» አለኝ። አባቱ፣ ይቺን ልጅ አንድ ነገር ቢነካት ወዳጄ ፊት መቆሚያ የለኝም ብሎት ስለነበር፣ ሲጠብቀኝ መዋሉ ነው። በመንገዱ የሚያልፈው የተሸነፈ ወታደር መሣሪያ ነበረው፤ እሱ ዱላ ብቻ።

እኔ ግን ዘዴ ዘየድኩ። መጥፎ ሚስት ብሆን ይመልሱኛል። ስለዚህ ወተቱን ደፋሁ። እንጨት ልቀሚ ስባል ተኛሁ። ጎይቲ የሠራችልኝን ጸጉር ፈታሁት። ማንም አልተቆጣኝም። ጎይቲ የደፋሁትን ወተት በአፈር ሸፍና ሌላ ትቀዳልኛለች፤ የፈታሁትን ጸጉር እያንጎራጎረች መልሳ ትሠራዋለች። የምትለው ቋንቋ አይገባኝም፤ የእጇ ነገር ግን ይገባኝ ነበር፣ እሱም የበለጠ አስለቀሰኝ። ደግ አማት ልትሆን ነውና ነፃ የምወጣበት ቀዳዳ ጠፋ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ መጣ።

በእግሩ ነው የመጣው። መኪና የለም፣ ወልደ ጊዮርጊስ የለም። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል፤ ጫማው ላይ ያለው አቧራ እስከ ጉልበቱ ወጥቷል። ወደ እኔ ሮጦ አነሳኝና አንገቴ ውስጥ ፊቱን ቀበረ። ላብ ላብ ይሸታል። እናቴ ደህና እንደሆነች፣ ወንድ ልጅ እንደወለደች ነገረኝ። ያው፣ በእኔ ቦታ መጣ አልኩ በልቤ። ከዚያ አስቀመጠኝና ከጅሩ ጋር ግራሩ ሥር ገብተው ተቀመጡ።

ከሩቅ አያቸዋለሁ። አባቴ ያወራል፣ መሬት መሬት እያየ። በመካከሉ ጅሩ የአባቴን እጅ ያዘና አልለቀቀውም። ሁለት ትልልቅ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲቀመጡ አይቼ ስለማላውቅ፣ ነገሩ አለቀ፣ አሁን አስረከበኝ አልኩ። ሄድኩና በሁለቱ መካከል ቆምኩ።

«አባ፣ ፍየሎቹን መልስላቸው» አልኩት። «እኔ ቤቴ ልሂድ። ኦይታን አላገባም።»

አባቴ አየኝ። ግንባሩን ሲቋጥርና ሲፈታ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሩ ሲገባው አየሁ። ያን ሁሉ ወር የተሸከምኩትን ነገር በአንድ ጊዜ ያየው ይመስለኛል። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር፤ ሁለት ቀሚስ ስለተሰፋልኝ፣ የእታለም እህት ስለሄደች፣ አዲሱ ልጅ በእኔ ቦታ ስለተወለደ፣ የመጣልኝን ሁሉ ደባልቄ እነግረዋለሁ።

«እሺ» አለኝ። «እመልሳለሁ።»

ወደ ጅሩ ዞረና ለትልቅ ሰው በሚነገርበት ድምፅ «ጅሩ፣ ልጄ ፍየሎቹን መልስ ብላኛለች፤ ሁሉንም መልሻለሁ» አለው። አልሳቀም፣ አልቀለደም። የምሩን መሆኑ ገብቶኝ ትንፋሼ ወጣ። ጅሩ መጀመሪያ አባቴን፣ ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ጎይቲን ጠርቶ በቋንቋቸው ነገራት፤ እሷም አፏን በሁለት እጇ ከድና መሬት ላይ ዝርግት አለች፣ ትከሻዋ በሳቅ እየተርገፈገፈ። ጅሩ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«አንተ ሰኢዳ» አለኝ፣ «ኦይታ ከብት አልዘለለም። ከብት ያልዘለለ ልጅ ሚስት የለውም። ኦይታ ገና ልጅ ነው።»

በበና ወግ ወንድ ልጅ አድጎ፣ በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ሳይሻገር ሚስት የሚባል ነገር አይነሳም። ይህን እዚያ ያለ ዳዴ የሚል ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔና እታለም ብቻ ነን የማናውቀው፤ እሷ የገዘርን ሠርግ ለአልዱባ ሰፋችው፣ እኔም ለበስኩት።

«ፍየል ለሚስት አይደለም» አለ ጅሩ። «አባትህ ወዳጄ ነው። ወዳጅ ልጅ እኔ ቤት ፍየል አለው። ልጄ ሸረፋ ሱቅ ሲሄድ እዚያ ይበላል፣ እዚያ ያድራል። ያ ነው። አሁን ቤትህ ሂድ። ፍየል ግን አልቀበልም፤ ያንተ ነው።»

እኔ አሁንም እርግጠኛ መሆን ፈልጌ፣ ሳልዳር ነው የምሄደው? አልኩት። ሳትዳር አለኝ። ኦይታ ኩይሳው ላይ ቆሞ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ ስላየ እሱም ይስቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት፤ የፊቱ ሁለቱ ወልቀው ሌላ እያበቀለ ነው። እፎይታ ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ቢኖር እሱን ነው የምነግረው። እንዴት ያለ ሙሽራ ይዤ ነው ያን ሁሉ ሌሊት የተጨነቅኩት? ሳቄ መጣ፤ አንዴ ከመጣም እምቢ አለኝ። አባቴም ሳቀ። በዚያው መካከል ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠበትና ፊቱን በቀኝ ክንዱ ሸፈነ። በእኔ ቂልነት እንባው እስኪመጣ ሳቀ ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ቀን ጅሩ ቢላዋውን ለአባቴ አቀበለው። ቢስሚላህ ተብሎ ፍየል ታረደ፤ የጅሩ ልጆች ሥጋውን እንዴት እንደበሉት አይቼ ገረመኝ፣ የጾሙበትን ምክንያት መቼ አውቄ። በማግስቱ እኔ በአባቴ ትከሻ ላይ፣ ኦይታና ጅሩ ከፊት፣ ጥቂት ፍየሎች በመካከል ሆነን ወደ ቀይ አፈር አቀናን። ፍየሎቹ ለምን እንደሚከተሉን ጠየቅሁ። አባቴ እናትሽ አራስ ናት፣ ወተትና ሾርባ ያስፈልጋታል አለኝ። በቂ መልስ ነበር። ቤት ስደርስ እናቴ ከነቀይ ጸጉሬ አቅፋኝ አልለቀቀችኝም፤ ወንድሜን እቅፌ ላይ አደረገችው። ሲያዩት የሚያስቀና ነገር አልነበረውም፤ ቀይ፣ የተጨማደደ፣ ዓይኑን እንኳ መግለጥ የማይችል። ይቅር አልኩት።

የነበርንበት ቤት ግን የጎረቤት ነበር። የእኛ ቤትና ሱቅ ለምን እንደተዘጋ ስጠይቅ እድሳት ላይ ነው አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አባቴ በገበያው ዳር መሬት ላይ ጆንያ ዘርግቶ ጨው በጣሳ ሲሸጥ፣ ንጹሕ አየር ስለሚወድ ይመስለኝ ነበር። አልዱባ እየሄደ ከመንጋዬ አንድ ሁለት እየነዳ ይመለሳል። ቀስ በቀስ ቆርቆሮ መጣ፣ መደርደሪያ ቆመ፣ ጨርቅ ተሰቀለ። እኔ ተምሬ የመድኃኒት ቤት እስከከፈትኩ ድረስ ከዚያ መንጋ የወጣ ነገር ሳይረዳኝ ያለፈ ዓመት የለም።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለቅሶው ላይ ኦይታ ከአልዱባ መጥቶ ከወንድሜ ጎን ተቀመጠ። እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ እኔ ስለ ሠርጌ ታሪክ ሰው ለማሳቅ ስናገር፣ እናቴ ያኔ ያልነገሩኝን ነገረችኝ። ግንቦት ላይ ግርግሩ ሲነሳ ሱቁ ተሰብሮ ተዘረፈ፤ ማን እንደዘረፈው እስከ ዛሬ በውል አይታወቅም። ቀጥሎ ተቃጠለ፣ እሳቱም ቤቱን ይዞት ሄደ። እሷ በጎረቤት ቤት ስታምጥ አባቴ የተቃጠለውን ቆርቆሮ ቆሞ እያየ ነበር። ወንድሜ ሲወለድ የተጠቀለለበት ጨርቅ የጎረቤት ነበር። መንገዱ እንደተከፈተ አባቴ እኔን ለማምጣት በእግሩ ወረደ።

«ያን ዕለት ከአንቺ ፍየሎች በቀር በዓለም ላይ ምንም አልነበረንም» አለች እናቴ።

ግራሩ ሥር ስንቆም የነበረውን ፊቱን ላስታውስ ሞከርኩ። አስታውሰዋለሁ። እሺ፣ እመልሳለሁ ሲለኝ አላመነታም፤ ወደ መንጋውም አላየም። እኔ ያን ጊዜ፣ ፍየል ርካሽ ነገር ስለሆነ መስሎኝ ነበር።